በጉ ከሞተ ቆዳውን አሳዩን

በአማርኛ ፊልም ዓለም እንደ «ኢንቨስተር» የተንገላታ ቃል የለም። ፕሮዲዩሰሩ «ኢንቨስተር እያፈላለግሁ ነው» ይላል። ስክሪፕቷን ጨርሳ መሳቢያ ውስጥ የቆለፈችው ልጅ «ኢንቨስተር ባገኝ ኖሮ» ትላለች። ካሜራ ተከራይቶ ግማሹን ቀርጾ የቆመው ደግሞ «ኢንቨስተሩ ከዳኝ» ይላል። ቀረብ ብላችሁ ስትጠይቋቸው ግን ሦስቱም የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። አንዱ የሚፈልገው ስጦታ ነው። ሁለተኛዋ ብድር ነው የምትፈልገው። ሦስተኛው የሚጠብቀው ፖስተር ላይ አርማው ተለጥፎለት ገንዘብ የሚሰጥ የቢራ ወይም የሪል ስቴት ድርጅት ነው። ቢተርፍ ትርፉን፣ ቢከስር ኪሳራውን ሊካፈል የገባ ሰው፣ ማለትም የቃሉ እውነተኛ ባለቤት፣ ከጨዋታው ውስጥ የለም።

ይኼ የሰዋስው ክርክር አይደለም። የሰው ገንዘብ ያለበት፣ ዝምድና የሚበጠስበት ጉዳይ ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ኢንዲፔንደንት ፊልም የምለው ከትልቅ ድርጅትም ከመንግሥትም ደጅ ሳይጠጋ ሠሪው ራሱ ገንዘብ ለቃቅሞ የሚሠራውን ነው። እንዲህ ያለ ፊልም አገራችን ውስጥ ለምን ገንዘብ ያጣል ሲባል የሚሰጡት ምክንያቶች ሁለት ናቸው፦ ሕዝቡ ድሃ ነው፣ ወይም ጥበብ አይገባውም። ሁለቱም ለፊልም ሠሪው የሚመቹ ምክንያቶች ናቸው፤ ጥፋቱን ሌላ ሰው ላይ ይጥላሉና። የማይመቸው ሦስተኛው ነው። ስጦታን ኢንቨስትመንት ብለን እንጠራለን፣ ገንዘቡን ከተቀበልን በኋላ ደግሞ ሒሳብ አናሳይም። ሰው ኪሳራን ይችላል፤ ኪሳራውን ሳይነግሩት ሲቀሩ ነው የሚቆርጠው።

«ድጋፍ» የሚል ደረሰኝ

ሰላ ድንጋይ የሚኖሩ አጎት አሉኝ። ገብስና ባቄላ ይነግዳሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአካባቢው ተወላጅ የሆነ አንድ ወጣት ፊልም ሠሪ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ኪሳቸው ሻል ያለ ነው የሚባሉ የከተማዋን ሰዎች በየቤታቸው እየዞረ አነጋገረ። ፊልሙ በከፊል እዚያው ይቀረጻል፣ አገሩን ዓለም ያየዋል፣ ገንዘቡም ተመልሶ ይመጣል፣ ያውም እጥፍ ሆኖ። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ እርስዎ ኢንቨስተር ነዎት» አላቸው። አጎቴ 60 ሺህ ብር ሰጡ። የተቀበሉት ወረቀት አሁንም ሳጥናቸው ውስጥ አለ። ላዩ ላይ «ለፊልም ሥራ ድጋፍ» ይላል።

አፍ ኢንቨስትመንት ይላል፣ ወረቀት ድጋፍ ይላል። ነገሩ ሁሉ እዚህ አንድ መስመር ውስጥ አለ።

ልጁ ሌባ አይደለም። ይኼን አስምሬበት መሄድ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ስለ ፊልም ገንዘብ ሲወራ ወዲያው «በሉት» የሚል አለ። ገንዘቡ ለፊልሙ ነው የዋለው። ፊልሙ ተሠርቷል፣ አዲስ አበባ ተመርቋል፣ ጥቂት ሳምንት ታይቶ ወርዷል። ያልተደረገው አንድ ነገር ነው። እስከ ዛሬ ለአጎቴ ደውሎ «ይኸን ያህል ገባ፣ ይኸን ያህል ወጣ፣ ከስረናል» ያላቸው ሰው የለም።

«ለምን አይጠይቁትም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እሱ አፍሮ ነው የማይመጣው» አሉኝ። «እኔ ሄጄ ብጠይቀው ደግሞ የባሰ ያፍራል።»

ገንዘቡ የወጣው በይሉኝታ ነው። የአገር ልጅ ቤት ድረስ መጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ «ስምዎ ፊልሙ መጨረሻ ላይ ይጻፋል» ሲል እምቢ ማለት ነውር ነው። ሒሳቡ የተቀበረውም በዚያው በይሉኝታ ነው። እኛ ፊልም ሠሪዎችና የፊልም ወዳጆች ደግሞ ይኼን ይሉኝታ እንደ ባንክ ስንጠቀምበት ኖረናል። ወለድ የለውም፣ መያዣ አይጠይቅም፣ አይከስም። ግን ያልቃል።

ማለቁን ያየሁት ባለፈው ክረምት ነው። አንዲት የዚያው አካባቢ ልጅ የመጀመሪያ አጭር ፊልሟን ልትሠራ አጎቴን አነጋገረቻቸው። ስክሪፕቱን አንብቤዋለሁ፤ ከመጀመሪያው ልጅ ሥራ በብዙ ይሻላል። የጠየቀችው 20 ሺህ ብር ብቻ ነበር። አጎቴ ቡና አስፈሉላት፣ መረቋት፣ «እግዜር ይርዳሽ» ብለው ሸኟት። አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ይኼ «አልሰጥም» ማለት ነው። የመጀመሪያውን ፊልም ዕዳ የከፈለችው እሷ ናት፣ እሷም ይኼን አታውቅም።

ሰላ ድንጋይ ለፊልም የሚሆን ነገር አጥታ አይደለም። የንጉሥ ሳህለ ሥላሴ እናት ዘነበወርቅ መቀመጫቸው እዚያ ነበር፤ ሚስዮናዊው ክራፕፍ በ1842 እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር ሲጓዝ እዚያው አግኝቷቸዋል። ዛሬ ወደ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል የሚጎርፈውን ምዕመን ብቻ ብትከተሉ የአሥር ፊልም ታሪክ ታገኛላችሁ። ብርዱ፣ ጭጋጉ፣ ገደሉ ለካሜራ ነው የተሠራ የሚመስለው። የጎደለው ታሪክም ብርሃንም አይደለም። የሁለተኛው ፊልም ሠሪ በር ሲያንኳኳ የሚከፍት ሰው ነው።

ገበሬው ያውቀዋል

«የገጠር ሰው ኢንቨስትመንት ምን እንደሆነ አይገባውም፣ ስለዚህ ዝርዝሩን መንገር ትርፉ ማደናገር ነው» የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ሰሜን ሸዋ ላይ ቆሞ ይኼን መናገር ድፍረት ነው።

ርቢ የሚባል ነገር አለ። በግ ያለው ግን ጠባቂና ግጦሽ የሌለው ሰው፣ በጉን ጉልበትና ሜዳ ላለው ሰው ይሰጣል። እናቲቱ የሰጪው ናት። የሚወለደውን ግን በተስማሙበት ይካፈላሉ። እኩል ማረስም እንዲሁ ነው፤ አንዱ መሬት፣ ሌላው በሬና ጉልበት ያመጣል፣ አውድማው ላይ ይካፈላሉ። ዘሩን ማን አወጣ፣ ገለባው የማን ነው፣ ዓመቱ ቢበላሽስ የሚለው ሁሉ አስቀድሞ ይነገራል። እኔ በሥራዬ ኮድ ጸሐፊ ነኝ፤ የስታርትአፕ ኢንቨስትመንት ውል አንብቤ አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከርቢ የራቀ ምንም አዲስ ሐሳብ አላገኘሁበትም። ወረቀቱ ነው የበዛው።

ከርቢ ሕግ ሁሉ የምወደው አንዱን ነው። በጉ ከሞተ አርቢው ቆዳውን ይዞ ይመጣል። ጅብ ከበላውም የተረፈውን ይዞ ይመጣል። ቆዳው ከታየ ክርክር የለም፣ ኪሳራው የጋራ ነው፣ «እግዜር ይተካው» ተባብለው ይለያያሉ፤ ምናልባት በዓመቱ ሌላ በግ ይሰጠዋል። ቆዳው ካልታየ ግን ምንም ቢምል «በላኸው» ነው።

የከሰረ ፊልም ቆዳው ሒሳቡ ነው። ከፊልም ሠሪዎቻችን የሚጎድለው የገበያ ጥናት፣ ባለ ሃያ ገጽ የፒች ሰነድ፣ የቀለም ግራፍ ምናምን አይደለም። እሱማ ሞልቷል። የሚጎድለው ቆዳውን ተሸክሞ ወደ አጎቴ በር የሚሄድ እግር ነው።

አውድማው ላይ ማን ቀድሞ ይሰፍራል?

«እጥፍ ሆኖ ይመለሳል» የሚለውን ተስፋ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ የራሳችሁን አስገቡበት።

እንበል ፊልሙ 3 ሚሊዮን ብር ፈጀ። ትኬቱ 200 ብር ነው። ከዚያ ላይ ግብሩና የሲኒማ ቤቱ ድርሻ ሲነሳ ለፊልሙ 80 ብር ቀረ እንበል። 3 ሚሊዮኑን ለመመለስ ብቻ 37,500 ሰው ትኬት መቁረጥ አለበት። 300 መቀመጫ ያለው አዳራሽ 125 ጊዜ ግጥም ብሎ መሙላት አለበት። የሰላ ድንጋይ ሰው አንድ ሳይቀር ቢገባ አይሞላውም። ይኼ እንግዲህ ፖስተሩን፣ የቲክቶክ ማስታወቂያውን፣ የምርቃቱን ቀይ ምንጣፍ ሳንቆጥር ነው። «እጥፍ» ለማለት ደግሞ ቁጥሩን በሁለት አባዙት።

አሁን ሌላውን ጎን እንየው። ፊልሙ 10 ሺህ ተመልካች አገኘ እንበል። የገባው 800 ሺህ ብር ነው። 60 ሺህ ብር የ3 ሚሊዮኑ ሁለት በመቶ ናት፤ ስለዚህ ለአጎቴ የሚደርሳቸው 16 ሺህ ብር ነው። 44 ሺህ ከስረዋል። ነጋዴ ናቸው፤ የባቄላ ዋጋ ወርዶ ከዚያ በላይ የከሰሩበት ዓመት አለ። 16 ሺህ ብርና አንድ ገጽ ሒሳብ ይዞ የሚመጣን ልጅ በሚቀጥለው ፊልሙም ይሰሙታል። ባዶ እጁን አንድ ገጽ ሒሳብ ይዞ የሚመጣውንም ይሰሙታል።

ቁጥሩ ከተሠራ በኋላ የሚቀረው ቅደም ተከተሉ ነው። ፊልም ገንዘብ ሲያስገባ ማን ቀድሞ ይወስዳል? በሌላው ዓለም በብዛት የተለመደው አካሄድ ይኼን ይመስላል። መጀመሪያ ግብርና የአሳያዩ ድርሻ ይነሳል። ቀጥሎ የማስታወቂያና የሥርጭት ወጪ። ቀጥሎ ብድር ካለ ብድሩ። ከዚያ ኢንቨስተሮቹ ዋናውን ገንዘባቸውን፣ ብዙ ጊዜም 20 በመቶ ያህል ጨምረው፣ ይወስዳሉ። ከዚያ በኋላ የሚተርፈውን ኢንቨስተሮቹና ሠሪዎቹ እኩል ይካፈላሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። አውድማ ላይ እህል ሲሰፈር ያየ ሰው በአንድ ጊዜ ይገባዋል።

እኛ ጋ ግን ተዋናዩ ከገቢ ይከፈልሃል ይባላል፣ ባለካሜራው ከገቢ ይባላል፣ ሙዚቃ የሠራችው ከገቢ ትባላለች፣ አጎቴም ከገቢ። ሁሉም ከአንድ ቁና «መጀመሪያ» እንደሚሰፍርለት ቃል ተገብቶለታል። እንዲህ ያለው ፊልም ቢያተርፍ እንኳን በጠብ ነው የሚያልቀው።

ገንዘቡን በስሙ የጠሩ

ከኃይሌ ገሪማ እንጀምር። «ሳንኮፋ» በ1993 እ.ኤ.አ. በርሊን ፌስቲቫል ላይ ተወዳድሮ ወደ አሜሪካ ሲመለስ አከፋፋይ አላገኘም። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ምን አደረጉ? ዋሽንግተን ውስጥ ራሳቸው ሲኒማ ቤት ተከራይተው አሳዩት። ከዚያ በየከተማው ከማኅበረሰቡ ሰዎች ጋር እየተቀናጁ ቀጠሉ። ያ ገንዘብ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለውን የሳንኮፋ መጻሕፍት ቤት ለማቋቋም በቃ። ተመልካቹ ፊልሙን በየሰፈሩ ተሸክሞ ሲሮጥ ድርሻ አልተገባለትም። የተባለው «ይኼ የናንተ ታሪክ ነው፣ ትኬት ግዙ፣ ሰው ጥሩ» ነው። የተባለውም ተደረገ።

ቀጥሎ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»። በ2015 እ.ኤ.አ. ካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። አንድ ልጅና በጉ፤ ታሪኩ ደጋ ላደገ ሰው ጎረቤት ቤት የሆነ ያህል ነው። ገንዘቡ ግን ከፈረንሳይ፣ ከጀርመን፣ ከኖርዌይና ከኳታር ጭምር የተሰባሰበ ነው። እንዲህ ያለው የውጭ ፈንድ አብዛኛው ትርፍ አይጠብቅም። ስሙም ድጋፍ ነው፣ ሥራውም ድጋፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይቆጠቁጠኛል። ከእንዲህ ያለ ፈንድ ገንዘብ የወሰደ ሰው ደረሰኝ ይሰበስባል። የታክሲ፣ የምሳ፣ የባትሪ ድንጋይ ሳይቀር። በቀኑ ሪፖርት ያስገባል፣ የተረፈውን ይመልሳል። ማለትም እንችላለን! ሒሳብ መያዝ ያልለመደብን ባህላችን ስለሆነ አይደለም። ለፈረንጅ ደረሰኝ የምንሰበስብ ሰዎች ለባቄላ ነጋዴው የማንሰበስበው ለምንድን ነው? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ፈረንጁ ይጠይቃል፣ ጋሼ ግን ያፍራሉ።

ሦስተኛው ምሳሌዬ ከሕንድ ነው፣ ለሰላ ድንጋይም ከሁሉ የሚቀርበው እሱ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ሺያም ቤኔጋል «ማንታን» የሚባል ፊልም ሠራ። ታሪኩ በጉጃራት የወተት ገበሬዎች ማኅበር ላይ የተመሠረተ ነው። ገንዘቡን ያዋጡት ራሳቸው የማኅበሩ አባላት፣ 500 ሺህ ገበሬዎች፣ እያንዳንዳቸው 2 ሩፒ በማውጣት ነው። ፊልሙ ሲወጣ ገበሬዎቹ በጭነት መኪና እየተጫኑ «የኛን ፊልም» ለማየት ወደ ከተማ ጎረፉ። ከ48 ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ታድሶ ካን ላይ በክላሲክ ፊልሞች ክፍል ታየ።

የ«ማንታን» ብልሃት ያለው 2 ሩፒ የምትለው ቁጥር ውስጥ ነው። ብትጠፋ ማንንም አትጎዳም። ማንም በሬውን አልሸጠም። ማንም «እጥፍ» አልተባለም። የገንዘቡ ሰጪና የትኬቱ ገዢ አንድ ሰው ነው፤ ስለዚህ ፊልሙ ከመቀረጹ በፊት ግማሽ ሚሊዮን ተመልካች ነበረው። እኛ ደግሞ እድር አለን፣ እቁብ አለን፣ የተወላጆች ማኅበር አለን፣ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያና ለትምህርት ቤት አጥር በመቶና በሁለት መቶ ብር ያዋጣ ሕዝብ አለን። ከአሥር ሰው 60 ሺህ፣ 60 ሺህ ብር በይሉኝታ ከመንጠቅ፣ ከስድስት ሺህ ተወላጅ መቶ፣ መቶ ብር በግልጽ መለመን ያው 600 ሺህ ብር ነው። ሥራው ይበዛል፣ አዎ። ግን ስድስት ሺህ ተመልካች አብሮ ይመጣል፣ አንድም ሰው አይጎዳም።

አሜሪካኖቹም ሁለቱን አያምታቱም። በ2013 እ.ኤ.አ. «ቬሮኒካ ማርስ» ለተባለ ፊልም 91,585 ሰዎች በኪክስታርተር 5.7 ሚሊዮን ዶላር አዋጡ። ከትርፉ ሳንቲም አልተገባላቸውም፤ ቲሸርት፣ ፖስተር፣ የፊልሙ ቅጂ ነው የተባሉት። «ዘ ቾዝን» ግን ሲጀመር ከሕዝብ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሰበሰበው ድርሻ ሸጦ ነው፤ ለዚያ የሚሆን ሕግ አለ፣ ሰነድ አለ፣ ኪሳራ ሊመጣ እንደሚችል በግልጽ ተጽፏል። አንዱ ስጦታ፣ ሌላው ድርሻ። ሁለቱም ሠርተዋል። የማይሠራው ሦስተኛው፣ የኛው፣ በአፍ ድርሻ በወረቀት ድጋፍ የሚለው ነው።

ሕጉ ላይ አታሳቡ

«የኢትዮጵያ ሕግ አይመችም» የሚለው ሰበብ ለዚህ ጉዳይ ብዙ ርቀት አይሄድም። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ውስጥ የእሽሙር ማኅበር የሚባል አለ። ጥቂት ሰዎች ለአንድ ሥራ በውል ይጣመራሉ፤ ማኅበሩ ራሱን የቻለ ሰውነት የለውም፣ የሚገዛቸው በመካከላቸው የተጻፈው ውል ነው። ለአንድ ፊልም፣ ለአምስት ለስድስት ሰው፣ ከዚህ የቀለለ የለም። ሥራው ከፍ ካለ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለ፤ እስከ 50 አባል ይይዛል፣ አባሉ የሚከስረው ያስገባውን ያህል ነው።

የማይቻለው ደግሞ ይታወቅ። በቴሌግራም ቻናል ወጥቶ «የፊልማችንን ሼር በአምስት ሺህ ብር ግዙ» ብሎ ለሕዝብ መሸጥ እንዲሁ የሚደረግ ነገር አይደለም። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 አለ፣ ባለሥልጣኑም ሥራ ላይ ነው፤ ለሕዝብ የሚቀርብ ድርሻ ሰነዱ እዚያ ቀርቦ መመዝገብ አለበት። ስጦታ ከሆነ ስጦታ በሉት። ድርሻ ከሆነ በሩ ይኼ ነው።

የተገዛው ነገር ራሱ ምን እንደሆነም ይጻፍ። ፊልም ውስጥ ንብረት የሚባለው ካሜራው አይደለም፣ የቅጅ መብቱ ነው። ሲኒማ ቤት ከወረደ በኋላ ዩቲዩብ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ዲያስፖራው ጋ የሚታየው አለ። የነዚያ ገቢ የማን ነው? የታሪኩስ መብት ተሟልቷል ወይ? «ድፍረት» በ2014 እ.ኤ.አ. ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት አግኝቶ ሲመጣ፣ የአዲስ አበባ ምርቃቱ ምሽት ላይ የፍርድ ቤት እግድ ደርሶ ቆሟል። ማን ትክክል ነበር የሚለውን እዚህ አልፈርድም። ግን ገንዘብ የሚያወጣ ሰው «መብቱ በማን እጅ ነው?» ብሎ መጠየቅ መብቱ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው፦ «ጥበብ በሒሳብ አይለካም።» እስማማለሁ። እንግዲያው ኢንቨስተር አትበሏቸው! ስጦታ ጠይቁ። «ይኼ ገንዘብ አይመለስም፣ ፊልሙ ግን ይሠራል፣ ስምዎም ይጻፋል» ማለት የሚያሳፍር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ትርፍ ሳትገባ ነው ጣሪያዋን ያስለበሰችው። የሚያሳፍረው የትርፍ ተስፋ አሳይቶ ገንዘቡን ወስዶ፣ ሒሳቡ ሲጠየቅ ጥበብ ጀርባ መደበቅ ነው።

ሁለተኛው የጠነከረ ነው፦ «እውነቱን ብናገር ማንም አይሰጠኝም። 37,500 ተመልካች ያስፈልጋል ብዬ እጀምራለሁ? ፊልሙ ሳይወለድ ይሞታል።» አዎ፣ አንዳንዱ ይሞታል። አንዳንዱ ደግሞ ያንሳል፣ ሲያንስ ይድናል። የ3 ሚሊዮኑ ፊልም በ600 ሺህ መሠራት ይችል እንደሆነ የምታውቀው እውነተኛው ቁጥር ፊትህ ሲቀመጥ ነው። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረጸው ተማሪ እያለ፣ በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር፣ በሁለት ሳምንት አካባቢ ነው። ገንዘብ ማጣቱ የፊልሙን መልክ ወሰነ፣ መልኩም እስከ ዛሬ ይታያል። ውሸት ተነግሮ የተገኘ በጀት ግን ድሮንና ቀይ ምንጣፍ ላይ ነው የሚያልቀው።

ደግሞስ እውነቱን ተናግሮ ማን ሞክሮት አልሠራም አለ? አደጋውንም ጭምር ዘርዝሩት። ባለፉት ዓመታት ጦርነት የነካው፣ መንገድ የሚዘጋበት አካባቢ ነው፤ ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል በሉ። ተዋናዩ ሊታመም ይችላል፣ ዝናብ ሊያቆመን ይችላል በሉ። በረዶና ውርጭ ከሚፈራረቅበት መሬት ላይ ዘር የሚዘራ ሰው አደጋ ስለሰማ አይሸሽም። እሱ የሚፈልገው አደጋውን የሚያውቅ አጋር ነው።

አንድ ገጽ

ለሁላችሁም የምለው ይኼን ነው፤ ስክሪፕት ለያዛችሁም፣ ነገ ቤታችሁ መጥተው «ኢንቨስተር» ለሚሏችሁም። ካሜራ ከመከራየቱ በፊት አንድ ገጽ በአማርኛ ይጻፍ። አምስት ነገር ይበቃል።

አንደኛ፣ ይኼ ገንዘብ ስጦታ ነው፣ ብድር ነው ወይስ ድርሻ? ከሦስቱ አንዱን ብቻ አክብቡ።

ሁለተኛ፣ ጠቅላላ በጀቱ ስንት ነው? ካልሞላስ የተሰበሰበው ይመለሳል ወይስ ቀረጻው በጎደለው ይጀመራል?

ሦስተኛ፣ ገቢ ሲመጣ ማን ቀድሞ ይሰፍራል? በቅደም ተከተል፣ በቁጥር።

አራተኛ፣ መብቱ የማን ነው? ከሲኒማ ቤት በኋላ ያለው ገቢስ?

አምስተኛ፣ ሒሳቡ በየስንት ጊዜ፣ በማን በኩል ይነገራል? ባይተርፍም ጭምር።

አምስተኛው እንደ ድሮው ከባድ አይደለም። የሲኒማ ቤት ትኬት መቁጠር ሊያስቸግር ይችላል፣ እሺ። ዩቲዩብ ግን ስንት ሰው እንዳየና ስንት እንደገባ ራሱ ይቆጥራል፤ ለባለድርሻዎቹ ቻናሉን መንካት የማያስችል፣ ማየት ብቻ የሚያስችል ፈቃድ መስጠት ይቻላል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ስማርት ስልክ ለሌላቸው በወር አንድ ጊዜ መደወል ነው። የሚከብደው ቴክኖሎጂው አይደለም፣ «አልሠራም» ብሎ በራስ አንደበት መናገሩ ነው።

ለፊልም ፖሊሲ፣ ለፈንድ፣ ለባንክ ብድር መጮኹን ማንም አይከለክልም፤ እኔም እጮሃለሁ። ግን ሰላ ድንጋይ ላይ ቆማ በር የምታንኳኳው ልጅ ፖሊሲ እስኪመጣ አትጠብቅም። እሷ የምትፈልገው ከፊቷ የሄደው ሰው በሩን ሳይዘጋባት እንዲሄድ ነው። ስለዚህ ፊልም ሠርታችሁ የከሰራችሁ ወዳጆቼ፣ ዓመታት ቢያልፉም አልረፈደም። ሒሳቡን ጻፉና ሂዱ። በጉ እንደሞተ እናውቃለን፤ ቆዳውን አሳዩን።